የጋሽ በንቲ በርሜሎች

ጋሽ በንቲ አንድ ቦታ መቀመጥ ያቃተው ከዚያ ጥር ወዲህ ነው። በፊትማ መካኒሳ አቦ፣ ከእኛ ቤት ማዶ ያለውን የፀረ ተባይ መጋዘን ሲጠብቅ፣ በሩ ላይ ኩርሲ አውጥቶ ቀኑን ሙሉ ንቅንቅ አይልም ነበር። እኔ ማሚቴ ጎረቤቱ ነኝ፣ ስንቱን አይቻለሁ።

ደግ ነው፤ ደግነቱ ደግሞ ለከት የለውም። መድኃኒቱ ያለቀበትን በርሜል ለለመነው ሁሉ ይሰጣል። ቧንቧ እንደልቧ በምትመጣበት ሰፈር በርሜል ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። በአሸዋ ፈትገን፣ በግራዋ አጥበን፣ በወይራ እናጥነዋለን። ሽታው ከጠፋ ጸዳ ነው የምንለው፣ ምን እናውቃለን።

ጥር ሲገባ መጋዘኑን አጽድተው የሚዘጉ ሰዎች መጡ። ከእግር እስከ ራሳቸው በላስቲክ ተጠቅልለው፣ ጭንብል አጥልቀው ነው የሚገቡት። ጋሽ በንቲ በሸሚዝ ሲገባበት የኖረ ቤት ነውና ሳቀባቸው። አለቃቸው ግን አልሳቀም።

«ጋሼ፣ ባዶዎቹ በርሜሎች የት ሄዱ?»

«ለሰው ሰጠኋቸው። ውሃ ያጠራቅሙባቸዋል።»

«መርዙ እኮ ታጥቦ አይለቅም። እነሱም መርዝ ከጠጣው ከመጋዘኑ አፈር ጋር ታሽገው መሄድ አለባቸው።»

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እህል በአፉ አልዞረም። በየቤቱ ያንኳኳል፣ በርሜል እያንከባለለ ይመለሳል። እኔ ቤትም መጣ። ንዴቴ መጣና፣ የሰጡትን መልሶ መቀበል ነውር አይደለም ወይ አልኩት።

«ነውር ነው ማሚቴ፣ ስጪኝ ብቻ» አለኝ። ዓይኑን ሳየው አንጀቴን በላውና ሰጠሁት።

የቀረው የራሱ ቤት በርሜል ነበር። የልጁ የጫልቱ ሰርግ እሑድ ነው፤ ሚስቱ ገዲሴ የሰርጉን ጠላ የጠመቀችው በዚያው በርሜል ነው። ቅዳሜ ከሰዓት እኛ ጎረቤቶች ጓሯቸው ውስጥ ሽንኩርት ስንልጥ፣ እሱ ይገባል፣ ይወጣል፣ ይገባል።

«ምን ሆነሃል አንተ ሰውዬ? ተቀመጥ እንጂ» አለችው ገዲሴ።

እሱ ግን በርሜሉን በሁለት እጁ ገፍቶ ደፋው። ጠላው እግራችን ስር ሄደ።

«አዋረድከኝ» አለች፤ እንባዋ ወዲያው መጣ። «ነገ አማቾቼን ምን ላጠጣ ነው?»

መርዙ ከበርሜሉ ታጥቦ እንደማይለቅ ነገራት።

ጫልቱ እጇ እንሶስላ እንደታሰረ ከጓዳ ወጣች። የፈሰሰውን አየች፣ አባቷን አየች።

«አባዬ፣ ጠላውስ ይቅር» አለችው። «እኔ ውሃ ስጠጣ ያደግኩት ከዚሁ በርሜል አይደል እንዴ?»



ሰርጉ በለስላሳ አለፈ። መጋዘኑም ተዘጋ፣ በርሜሎቹም ተጭነው ሄዱ። ጫልቱ ጎፋ ሰፈር ባሏ ቤት ገብታ ደህና ትኖራለች፣ ምንም አልሆነችም። ጋሽ በንቲ ግን በየጠዋቱ በእግሩ ጎፋ ይወርዳል። ያስልሽ ይሆን፣ ያዞርሽ ይሆን እያለ ይጠይቃታል። ደህና ነኝ ስትለው ቁጭ ይላል፣ ሻይ ትቀዳለታለች። ሳይጨርሰው ይነሳና ደግሞ ይጠይቃታል።