የነሐሴ ውቂያ

ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው እግሬ ሳላዘው ይነሣል። ሐኪሜ «ስኳርህ እንዲወርድ በእግርህ ሂድ» ብሎኛል፤ የወረታ የክረምት ጭቃ ግን ጫማውን ብቻ ሳይሆን ባለጫማውንም ስለሚውጥ፣ ሳሎን ውስጥ ጠረጴዛውን እዞራለሁ። ባለቤቴ «ሰውዬ፣ ምንጣፉን ጨረስከው!» ትላለች። እኔ ግን በዚያ ሰዓት ሳሎን ውስጥ አይደለሁም። ጭስና እርጥብ ጭድ በሚሸት ጎጆ ውስጥ፣ ከአባቴ ኋላ ነኝ።

ያን ጊዜ ገና ጎረምሳ ነበርኩ። በሰኔ አባቴን ግራ ጎኑን አንድ ነገር መታውና እግሩ አልታዘዝ አለው። የጤና ጣቢያው ሐኪም «በየቀኑ ካልተራመዱ እግርዎ ደርቆ ይቀራል» አለው። እሱ የሚመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የጎርፉ ውኃ ሲሸሽ በገዛ እግሩ ሄዶ የማሳውን ሩዝ ማየት። እስከዚያ ታዲያ የት ይራመድ? የርብ ወንዝ ሞልቶ የፎገራን ሜዳ ውኃ አልብሶታል። ቤታችን ደሴት ሆኗል። እንቁራሪቶቹ ከእኛ ቀድመው መደብ ላይ ይተኛሉ።

መላው የመጣው ከራሱ ነው። «በሬ ዓውድማ ላይ ሲዞር አይደል የሚውለው? እኔስ ከበሬ በምን አንሼ!» አለና፣ የጎጆውን ምሰሶ በቀኝ እጁ ይዞ መዞር ጀመረ። እኔ ከኋላ ወገቡን ደግፌ የውቂያ ዜማ አወጣሁ።

«ሆ በሬዬ! ሆ!»

እሱ ያቃስታል። የታመመው እግሩ መሬቱን ይጠርጋል። በበሩ ስንጥቅ የሚገባው ግራጫ ብርሃን ፊቱ ላይ ይመጣል፣ ይሄዳል። እናቴ ጥግ ይዛ ጥጥ ትፈትላለች፤ አትስቅም ነበር።

ዜማዬ ጣና ማዶ ሳይሰማ አልቀረም። አንድ ቀን ጎረቤታችን እስከ ጉልበቷ የሚደርሰውን ውኃ እየሰነጠቀች መጣች።

«እናንተ! በነሐሴ የምን ውቂያ ነው?»

«እኔን እየወቁኝ ነው፣ እቴ!» አላት አባቴ። «ገለባዬ በዛ እንጂ ፍሬስ አልጠፋኝም።»

ከት ብላ ሳቀች። ስትወጣ ግን ዓይኗን በነጠላዋ ስትጠርግ አየኋት።

መስከረም ሲጋመስ ውኃው ሸሸ። አባቴ ዱላውን ይዞ ወጣ። ክረምቱን ሙሉ ምሰሶ የዞረ እግር ቀጥ ብሎ መሄድ ረስቶ ኖሮ፣ ወደ ቀኝ ወደ ቀኝ ይጠመዝዘዋል።

«አባዬ፣ ማሳችን በዚህ ነው!»

«እኔማ አውቃለሁ፤ እግሬ ነው የጠፋበት።»

አፍንጫችን ሥር ላለ ማሳ በይፋግ ከተማ ዞረን ሳንሄድ አልቀረንም። ግን ደረሰ። ጎንበስ ብሎ ገና ወተት የያዘውን ዘለላ ዳሰሰ፣ መዳፉን አሸተተ። ከዚያ ጉልበቱ ከዳው።

አዝዬው ተመለስኩ። አንድ እቅፍ ጭድ የተሸከምኩ ያህል እንኳ አልከበደኝም።

እናቴ ውኃ አሙቃ እግሩን ልታጥብ ጎንበስ አለች። እግሩን ሳብ አደረገ።

«ተይው» አላት። «ዛሬን ከነጭቃው ልደር።»

ተወችው። ሩዙን ያጨድነው ያለ እሱ ነው።