ጥጃውን ያየ ማነው?

ባለፈው ሳምንት እህቴን ማርታን ልጠይቅ ዱራሜ ሄጄ ነበር። ልጇ አታካና ሠርታ አቀረበችልን። ማርታ አንድ ማንኪያ ቀመሰችና፣ «ደስ ይላል፤ ምን ይባላል?» አለችኝ። ማንኪያዬን መልሼ ሳህኑ ላይ አስቀመጥኩ። ከሆሳዕና መናኸሪያ ከተነሣሁ ጀምሮ መንገዱን ሙሉ ስለማመደው የመጣሁት አንድ የልጅነት ወሬ ነበረኝ፤ እሱም የዚሁ የአታካና ነገር ነው።

ጊዜው የጃንሆይ ጊዜ ነው። ቤታችን ከሆሳዕና ወጣ ብሎ ያለ ትልቅ ክብ ጎጆ ነበር። ከብቶቹም እኛም በአንድ ጣሪያ ሥር እናድራለን፤ የሚለየን የአጣና ርብራብ ብቻ ነው። መስቀል ሲመጣ እናቴ አታካና ትሠራለች። ለማያውቀው፣ የእንሰት ቡላ በቅቤና በወተት ተገንፍቶ አይብ የሚጨመርበት ምግብ ነው። ቅቤውን እናቴና ጎረቤቶቿ በየተራ እያዋጡ ክረምቱን ሙሉ ያጠራቅሙታል። እኔና ማርታ ከነሐሴ ጀምሮ ሌላ ወሬ አልነበረንም።

አንድ ዓመት ለመስቀል ከዱራሜ አንድ ወንጌላዊ እንግዳ ሆኖ መጣ። ጭቃው ገና አልደረቀም፤ በእግሩ ተጉዞ እስከ ጉልበቱ ቀይ አፈር ሆኗል። ሰውየው ከምባትኛና አማርኛ እንጂ ሀዲይሳ አያውቅም፤ እናቴ ደግሞ አማርኛ አትሰማም። ስለዚህ የአታካናው ወጪት መሐል ተቀምጦ፣ እንግዳው በአማርኛ ሲጸልይ አባቴ እየተከተለ ወደ ሀዲይሳ ይመልሰው ጀመር። ድሮም ረጅም የነበረው ጸሎት እጥፍ ሆነ። ስለ ዝናቡ ተመሰገነ፣ ለንጉሡ ተለመነ፣ ለሾኔ ገበያ ሰላም ሳይቀር ተጸለየ። የቅቤው ሽታ አፍንጫችን ሥር ነው።

ዓይኔን ገለጥ ባደርግ፣ ገመዱን የበጠሰ ጥጃ አፉን ወጪቱ ውስጥ ከትቷል። ማርታን አየኋት፤ እሷም እያየች ነው። ግን ማን ይናገር? የተናገረ በጸሎት መሐል ዓይኑን እንደገለጠ በራሱ ላይ መሰከረ፤ ለዚያ ደግሞ የአባቴ አርጩሜ አለ። ጥጃው ሲልስ እኛ ምራቃችንን ስንውጥ ቆየን።

እንግዳው፣ «ይህን ማዕድ ባርክ» አለ። አባቴም በሀዲይሳ፣ የጸሎት ድምፁን ሳይለውጥ፣ «ይህን ማዕድ ባርክ፤ ልጆች፣ ጥጃውን አስወጡት» አለ።

«አሜን» አለች ማርታ።

«አሜን» አልኩ እኔም። እናቴን ጨምሮ ከቦታው የተነቃነቀ የለም። እንግዳውም ምንም ሳይገባው ቀጠለ።

ጸሎቱ ሲያልቅ ወጪቱ የታጠበ ይመስል ነበር። አባቴ ደሙ ፈላ። «ከዚህ ሁሉ ሰው ጥጃውን ያየ አልነበረም?»

ማርታ ቀና ብላ፣ «አባባ፣ እኛ እኮ ዓይናችንን ጨፍነን ነበር። አንተ በምን አየኸው?» አለችው።

 ከዚያ እናቴ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ትንከተከት ጀመር። እንግዳው ግራ ገብቶት፣ «ልጅቷ ምን አለች?» ብሎ ጠየቀ። ያን ሁሉ ሲተረጉም የቆየው አባቴ፣ «ምንም፤ ርቧታል» አለው። መስቀልን በቆጮና በጎመን አሳለፍን፤ እንደዚያ የሳቅንበትን በዓል ግን አላስታውስም።

አባቴና እናቴ ካለፉ በኋላ ያን ቀን የምናውቀው እኔና ማርታ ብቻ ቀረን። በየመስቀሉ ወሬውን እኔ እጀምራለሁ፤ «በምን አየኸው?» የምትለውን ለእሷ እተውላታለሁ። ለልጆቼ ስነግራቸው፣ ከብት ለምን ቤት ውስጥ እንደሚያድር ሳስረዳ ሳቁ ያልቃል።

ባለፈው ሳምንትም ጀመርኩላት። «አባባ፣ እኛ እኮ ዓይናችንን ጨፍነን ነበር» ድረስ ደርሼ ዝም አልኩና ጠበቅኳት። ማርታ ለእንግዳ ሰው እንደሚደረገው በትሕትና ፈገግ አለች።

«እሺ፣ ከዚያስ?» አለችኝ።

የእሷን ቃል ራሴ ጨረስኩት። ከልቧ ሳቀች፤ ያው የድሮው ሳቅ ነው። ለአፍታ ተስፋ አደረግሁ።

«ወይ ጉድ! እንዴት ያለች ልጅ ናት!» አለች። «አሁን የት ነው ያለችው?»

ሐኪሞቹ የመርሳት በሽታዋ እንደማይሻላት ነግረውናል። እኔም ይህን እያወቅሁ ነበር የሄድኩት። ቢሆንም እንዲህ ብቻዬን የምቀር አልመሰለኝም ነበር።

«እዚሁ ዱራሜ ናት» አልኳት።

እጄን ያዝ አድርጋ፣ «ስታገኛት ሰላም በልልኝ» አለችኝ።

ሰላምታዋን ይዤ ሆሳዕና ገባሁ። ለማን እንደማደርሰው አላውቅም።