ለሙንተሃ የተፈለገው ወቅት

ዝናብ በዓመት አንዴ መጣ አልመጣ በሚባልባት ጂቡቲ ተቀምጦ ስለ ዝናብ እንቅልፍ የሚያጣ ሰው ሰብስቤ ብቻ ነበር። ካርቲየ 6 በሚባለው ሰፈር ያለው ቤቱ ጣሪያ ላይ የጎማ ጀልባው ተንፍሶ ሲደርቅ አይቶ ያልሳቀ ጎረቤት የለም። ሥራው ግን ቀልድ አልነበረም። ከተማዋ በሐምሌና በነሐሴ ስትነድ ፈረንጆችንና ደህና ኑሮ ያላቸውን የከተማውን ሰዎች ይሰበስብና ድንበር አሻግሮ አዋሽ ወንዝ ላይ በጀልባ ያንሸራሽራቸዋል። ሰዉንም ጀልባውንም በላንድክሩዘሬ ጭኜ በጋላፊ በኩል መተሐራ ድረስ የማመላልሰው እኔ ነበርኩ።

ሰብስቤ የወሎ ሰው ነው። ጂቡቲ የገባው ወደ የመን ሊሻገር ነበር፤ ባሕሩን አይቶ ቀረ። "ያልመረመርኩት ውሃ ላይ አልወጣም" ያለው ያኔ ነው ይባላል፤ እሱ ግን እንዲህ ብዬ አላውቅም ይላል። ወደብ ላይ ጭነት ሲያወርድ ቆይቶ አንድ ፈረንሳዊ የወንዝ ቀዘፋ አስተማረው፤ ሰውዬው አገሩ ሲገባም ጀልባውን ለእሱ ትቶለት ሄደ።

ጥንቃቄው ያሰለቻል። ከመነሳታችን በፊት መርቲ ለሚኖረው ወዳጁ ለገለታ ይደውላል። ገለታ ወንዙን የሚሞሉት የአርሲ ተራሮች ፊት ለፊቱ ናቸው፤ ሰማዩ ጠቁሮ፣ ውሃው ደፍርሶ እንደሆነ ይነግረዋል። "ጠቁሯል" ካለ ጉዞው ይቀራል። መንገደኞቹንም አንድ በአንድ ይጠይቃል፤ አበባ ያለበት ስትሄድ ዓይንህን ይበላሃል? ሌሊት ያፍንሃል? ሰው ደግሞ ሕመሙን ይደብቃል፤ እንዳያስቀሩት ፈርቶ ወይም በሰው ፊት ታማሚ ላለመባል። አንድ የከተማችን ነጋዴ ደህና ነኝ ብሎ ተሳፍሮ፣ ወሩ መስከረም ነበርና ዳሩ ሁሉ አብቦ፣ ወንዙ መሃል ትንፋሹ ተዘጋ። ሰብስቤ በአንድ እጁ እየቀዘፈ፣ በአንድ እጁ እየደገፈ አወጣው። ከዚያ ወዲህ በአበባ ወቅት አለርጂ ያለበትን ሰው አልጭንም አለ፤ ቢለምኑትም ቢቆጡትም አይሰማም። እኔማ "ፈሪ ለእናቱ" እያልኩ እተርበው ነበር። እሱም "እኔም የምመልሳቸው ለእናቶቻቸው ነው" ይለኛል።

ይህ ጥንቃቄው የጎዳው አንድ ሰው ቢኖር ሚስቱ ሙንተሃ ናት።

ሙንተሃ የመተሐራ ልጅ ናት። ታናሽ ወንድሟ ዓብዱልጀሊል በልጅነቱ አዋሽን ሊሻገር ገብቶ ውሃ ወሰደው። አስከሬኑ አልተገኘም። እረኞች ከታች፣ ወንዙ ገደል ውስጥ ገብቶ በሚጠብበት ቦታ፣ ሸሚዙን ድንጋይ ላይ አየን ብለው ነበር፤ ወደዚያ ግን በእግር አይወረድም። ሙንተሃ ከዓመታት በኋላ ጂቡቲ መጥታ ሰው ቤት ስትሠራ ሰብስቤን አገባች። ከእሱ የምትፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ በጀልባው እዚያ ድንጋይ ድረስ እንዲያደርሳትና ለወንድሟ ዱዓ እንድታደርግለት። ልጁ መቃብር የለውማ።

ችግሩ ደረቷ ነው። አንድ መስከረም እናቷን ልትጠይቅ ሄዳ ሳሩና አበባው ትንፋሿን ዘግቶት አዳማ ሐኪም ቤት ገብታ ለጥቂት ተረፈች። ጂቡቲም ቢሆን በሐምሌ ካምሲን የሚሉት ነፋስ አቧራውን ይዞ ሲመጣ በርና መስኮቱን በእርጥብ ጨርቅ ደፍና ትቀመጣለች። ደህና የምትተነፍሰው ከኅዳር በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ አዋሽ ይጎድልና ጀልባ ድንጋይ ላይ ይቀራል። ውሃው ሲሞላ እሷ ትታመማለች፤ እሷን ሲሻላት ውሃው የለም። እንዲህ እያለ ስንት ዓመት አለፈ። አንድ ቀን እኔ ባለሁበት፣ "ለአገር ምድሩ ጊዜ ስታወጣ ትኖራለህ፤ ለእኔ ግን ወቅት አጣህ" አለችው። ሁለቱም አሳዘኑኝ።

ከዚያ ወዲህ ሰብስቤ ወቅት ፍለጋ ያዘ። ገለታን ስለ ዝናቡ ብቻ ሳይሆን ስለ ሳሩም ይጠይቀው ጀመር። ሐኪሟንም አማከረ። በመጨረሻ አገኘው፤ የበልጉ የመጀመሪያ ዝናብ ወንዙን ካነሳው በኋላ፣ ሳሩና ግራሩ እስኪያብብ ድረስ፣ አጭር ክፍተት አለች። በ2002 ዓ.ም. በልጉ ደህና ገባ። ሐኪሟም መድኃኒቷን ይዛ ትሂድ አለ። ሦስታችን ብቻ ተነሳን።

ወንዙ ዳር የደረስነው በጠዋት ነው። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ውሃው ልክ፣ የሙንተሃም ትንፋሽ ደህና ነበር። ጀልባውን ነፋን። የመንሳፈፊያ ጃኬቷን ራሱ አሰረላት። እግሯን ወደ ጀልባው ልታነሳ ስትል ስልኩ ጠራ። ገለታ ነው። በላይ፣ በአርሲ በኩል፣ ክፉኛ ጠቁሯል አለው።

ሰብስቤ መቅዘፊያውን ዳር ላይ አስቀመጠ። እኔ ንዴቴ መጣ። ይህን ሁሉ መንገድ የመጣነው ለዚህ ነው? እዚህ እኮ ፀሐይ ነው፣ ገደሉም ሩቅ አይደለም፣ ጎርፉ ሳይደርስ እናልፈዋለን አልኩት።

"ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው" አለኝ።

ሙንተሃ የምታየው እሱን እንጂ ወንዙን አልነበረም። "ሌላ ሰው ብሆን ትወስደኝ ነበር?" አለችው።

"ብትሆኚም አልወስድሽም" አላት። ጃኬቷን ፈታች።

ቀኑን ሙሉ ዳር ተቀምጠን ጠበቅን። ጎርፉ አልመጣም። ሲመሽም ውሃው ጠዋት እንዳየነው ነበር፤ ዝናቡ ወደ ሌላ ወንዝ ወርዶ ይሆናል። በማግስቱ ገለታ አሁንም አላባራም አለ፤ ሙንተሃም ማሳል ጀመረች። ቀና ስል ከበላያችን ያለው ግራር ማበብ ይዟል። ክፍተቷ ተዘጋች ማለት ነው። ሙንተሃ ፊቷን ገደሉ ወዳለበት አዙራ፣ እጇን ዘርግታ፣ ዱዓዋን ካለችበት አደረገች። ከዚያ ጀልባውን አስተንፍሰን ጫንን።

ስንመለስ ጋላፊ ድንበሩ ላይ ወረፋ ስንጠብቅ ሰብስቤ ወደ ኋላ ዞሮ፣ "ይቅር በይኝ። ጎርፉ አልመጣም፤ እንዲያው በከንቱ አስቀረሁሽ" አላት። እኔም በሆዴ ይበልህ አልኩ።

"ዓብዱልጀሊል ወንዙ የገባ ቀንም ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር" አለችው። "እናቴም እኔም ዳር ቆመን እናየው ነበር። ቆይ ያለው ሰው አልነበረም።"