መከታን ወንዝ ያወረድኩበት ቀን

ልጅ ሳለሁ፣ ከሉማሜ ዝቅ ብሎ ባለው መንደራችን፣ እኛ ቤት ተረት የሚነገረው ውሻ ሲታጠብ ነበር። ተራኪውም አጣቢውም የእናቴ አባት አባባ ይርዳው ነበሩ። ያኔ ጣሊያን አገሩን ይዞ፣ አባቴም ጫካ ከገባ ሁለተኛ ዓመቱ ነበርና፣ እናቴ «የቀሩን ወንዶች አባባና መከታ ናቸው» ትል ነበር። መከታ ውሻችን ነው፤ ትልቅ፣ ቡላ፣ መዥገርና ቁንጫ የማይለቀው።

ቅዳሜ አመሻሽ ላይ፣ ከብቶቹ ከገቡ በኋላ፣ አባባ ውኃ በሸክላ ድስት ፍሙ ላይ ለብ ያደርጉና የተወቀጠ እንዶድ በትንሹ ይበጠብጡበታል። መከታን አያስሩትም። መጀመሪያ የሚያፈሱበትን ቅል ያስሸትቱታል፤ ቀጥለው እጃቸውን አርሰው ጀርባውን ይዳብሱታል፤ ከዚያ ከእግሩ ጀምረው ቀስ እያሉ ወደ ላይ ይወጣሉ። እንዶድ ዓይን ያቃጥላልና ራሱን በእርጥብ ጨርቅ ብቻ ይጠርጉታል። ሲጨርሱ ቁራሽ ዳቦ ይሰጡታል።

ተረቱም አብሮ ይወርዳል። ውሻና ተኩላ ወንድማማች ሳሉ ዓባይን ሊሻገሩ ገብተው፣ ውኃው ተኩላን ወደ ማዶ፣ ውሻን ወደ ሰው ደጅ እንደጣላቸው ይነግሩናል። «ስለዚህ ውሻ ውኃ ሲያይ ወንድሙ ትዝ ይለዋል። ቀስ ብለሽ ካላስረሳሽው አይችለውም» ይሉኝ ነበር። መከታ ከተንቀጠቀጠ ተረቱን ያቋርጣሉ፤ እኔና ታናሽ ወንድሜ ትንፋሻችንን ውጠን እንጠብቃለን፤ ውሻው ሲረጋጋ ታሪኩ ይቀጥላል። ጭሱ ዓይናችንን እየቆጠቆጠን፣ የእርጥብ ፀጉር ሽታ ቤቱን ሞልቶት፣ የኩራዙ ብርሃን በአባባ ነጭ ጢም ላይ ሲወዛወዝ፣ ያኔ ጦርነት መኖሩን እንረሳው ነበር።

የጥምቀት ዋዜማ ሲቀርብ አባባን ቁርጥማት እጃቸውን ያዛቸው።

«እታለም፣ ዛሬ መከታን አንቺ እጠቢው» አሉኝ።

«እሺ አባባ።»

ጓደኞቼ ልብስ ሊያጥቡ ወንዝ እየወረዱ ነበር፤ እንዳያመልጡኝ ቸኮልኩ። ውኃ ማሞቁ፣ ማስሸተቱ፣ መጠበቁ ሁሉ የሽማግሌ ሥራ መሰለኝ። መከታን በገመድ አሥሬ ወንዝ አወረድኩት፤ እየጎተትኩ ከቀዝቃዛው ውኃ ነከርኩት፤ ለልብሱ የተበጠበጠውን እንዶድም በራሱ ላይ ደፋሁበት። ዓይኑ ውስጥ ገባ። ያን ጩኸቱን ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም። ልጃገረዶቹ ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ።

«ደኅና ታጠበ?» አሉኝ አባባ ማታ።

«ደኅና።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ መከታ ቅሉን ገና ሲያይ ሸሸ። አባባ እጃቸውን እንደዘረጉ ቀሩ። «ምን አገኘው ይሆን ይህ ውሻ?» አሉ።

«እኔ እንጃ» አልኩ።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ጧት ጎረቤታችን እየሮጠ መጣና ወታደሮች ከመኪናው መንገድ ወደ እኛ እየወረዱ መሆናቸውን ነገረን። የአርበኛ ቤት ይፈልጉ ነበር። እናቴ ወንድሜን አዘለች፤ ወደ ገደሉ ዋሻ ልንሸሽ ተነሣን።

«እታለም፣ መከታን አንቺ ያዢው፤ እንዳይጮህብን አፉን እንይዘዋለን» አሉኝ አባባ።

ገመዱን አንሥቼ ጠራሁት። መከታ ገመዱን በእጄ ሲያይ ጆሮውን አጥፎ ወደ ኋላ አፈገፈገ፤ ጎተራው ሥር ገባ። ለመንኩት። ተንበረከክሁ። ዓይኑን ከገመዱ ላይ አልነቀለም። እናቴ ክንዴን ይዛ ጎተተችኝ።

ዋሻው ውስጥ ሆነን የተኩስ ድምፅ ሰማን፤ በኋላም የመንደራችንን ጭስ አየን። በሦስተኛው ቀን ስንመለስ ቤታችን ግማሹ ተቃጥሎ፣ መከታ ደጃፉ ላይ ወድቆ አገኘነው። አባባ በታመመ እጃቸው ራሳቸው ቆፍረው ቀበሩት።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ፤ «ቤት ጠባቂ ነውና ደጁን ጥሎ እንደማይወጣ እያወቅሁ ለልጅ ተውኩት። እኔ ራሴ ይዤው መውጣት ነበረብኝ።»

እናቴ አጽናናቻቸው። እኔ በመቃብሩ ላይ የሚጫን ድንጋይ ልለቅም ሄድኩ።

ከዚያ ወዲያ አባባ ተረት አልነገሩንም። ወንድሜ ሲለምናቸው «ጠፋብኝ ልጄ» ይሉታል። ጣሊያን ወጥቶ አባቴ ከጫካ ከተመለሰ በኋላም ጥቂት ዓመታት ኖሩ፤ እኔም ልዳር ደረስኩ። በመጨረሻው ሕመማቸው ውኃ ሳጠጣቸው ፊቴን አዩና፣ «ምን ሆነሻል እታለም? የምትነግሪኝ ነገር አለ?» አሉኝ።

«ምንም የለ አባባ» አልኳቸው። በማግሥቱ አረፉ።

ዛሬ የልጅ ልጆቼ ከብበውኝ ተረት ሲሉኝ እነግራቸዋለሁ፤ ይህን ግን ነግሬያቸው አላውቅም። ውሻውን ያስፈራሁት ልጅ ሆኜ ነው፤ ለዚያ እግዚአብሔር ይቅር ብሎኛል ብዬ አስባለሁ። ዝም ያልኩት ግን ልጅነቴ ካለፈም በኋላ ነው።