የሦስተኛው መኝታ ክፍል አለቃ

በአዳሪ ትምህርት ቤቱ «ድንጋዩ» የሚል ቅጽል ስም የወጣለት በአሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። ትልልቆቹ ተማሪዎች አንሶላህን በደንብ አላነጠፍክም ብለው በቀበቶ ሲገርፉት እንባ ጠብ አላለውም። እንዲህ ጥርሱን ነክሶ ስድስት ዓመት ከረመና በመጨረሻው ዓመት እሱ ራሱ የሦስተኛው መኝታ ክፍል አለቃ ሆነ።

አንድ ጠዋት አልጋ ሲፈትሽ አንድ አዲስ ልጅ እንደተኛ አገኘው። ደሙ ፈላ። ቀበቶውን ፈትቶ በብረቱ በኩል አወረደበት። የልጁ ጆሮ ተተረተረ፤ ደሙ ትራሱን አራሰው።

ድንጋዩ ደንግጦ ልጁን እየጎተተ ክሊኒክ ወሰደው። ነርሷ መርፌና ክር እያዘጋጁ «ይሄ ደግሞ ምን ሆኖ ነው?» አሉ።

«ከደረጃ ወድቄ ነው፣ እትዬ» አለ ልጁ ፈጠን ብሎ።

እንዲህ እንዲል ማንም አላስጠናውም። ድንጋዩም በልጅነቱ እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጦ ይህንኑ ሦስት ጊዜ ተናግሯል።

«አልወደቀም። እኔ ነኝ የመታሁት» አለ ድንጋዩ።

ነርሷ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩት «ለርዕሰ መምህሩ ንገራቸው» አሉት።

ሄዶ ተናገረ፤ ለፈተና ሦስት ሳምንት ሲቀረው ተባረረ። አባቱ የቤታቸው በር ላይ ተቀብለው በጥፊ አጮሉት።

ዛሬ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ሰዎች ትምህርት ለምን አቋረጥክ ሲሉት «ልጅ መትቼ» ይላል።