ጭረት የሌለው ጓጉንቸር

አባቴ ጓጉንቸር ሲሸጥ ቁልፎቹን በገዢው መዳፍ ላይ ጮክ ብሎ ይቆጥር ነበር። «አንድ፣ ሁለት። ሦስተኛ የለም።» ቡራዩ ሙያውን ሲማር የለመደው ነው። እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ሰበታ ያለችውን ሱቃችንን ለእኔ ተወልኝ፤ ከሞርሳውና ከሞረዶቹ ጋር ይህንንም ልማድ ወረስኩ። ሌላም ሕግ ነበረው። የሳጥን ባለቤት ተሸክሞት የመጣው ሳይሆን የቆለፈው ነው። የቆለፈው ሰው ካልመጣ አይከፈትም፤ ባል ለሚስቱ፣ እናት ለልጇ ብትለምን እንኳ።

እኔ ሕግ እወዳለሁ። ትምህርት የጀመርኩት ሠላሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው፣ ቅዳሜና እሑድ ከሚማሩ ጎልማሶች ጋር። ሰው አራት ነጥብ ሳያስቀምጥ ሲያልፍ ያንገበግበኝ ነበር። አጠገቤ የምትቀመጥ አንዲት የፋብሪካ ሠራተኛ ደብተሯን ወደ እኔ ትገፋለች፤ በቀይ እስክሪብቶ አርምላታለሁ።

«አንቺስ ከመምህሩ ትብሻለሽ» ትለኛለች፤ ግን በሚቀጥለው ሳምንት መልሳ ትገፋልኛለች።

ባሏ መማሯን አያውቅም። ቅዳሜና እሑድ ፋብሪካ የምትውል ይመስለዋል። ለዚህ ነው አንድ ቀን ሱቅ መጥታ ለቆርቆሮ ሳጥኗ ጓጉንቸር የመረጠችው፤ ደብተሮቿን ልትቆልፍበት። የመረጠችው አባቴ ከቡራዩ ያመጣውን፣ መደርደሪያው ላይ የቀረውን ብቸኛ የናስ ጓጉንቸር ነበር።

«ይሄን ሌላ ሰው ይከፍተዋል?»

«ከእኔ በቀር የሚችለው የለም። እኔ ደግሞ አንቺ ከሌለሽ አልነካውም።»

ቁልፎቹን መዳፏ ላይ ቆጠርኩላት።

ክረምቱ ሊገባ ሲል አንድ ሰው በባጃጅ ሳጥን ይዞ መጣ። ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም።

«እህቴ፣ ቁልፉ ጠፋብን። የሕፃኑ የክትባት ካርድ ከውስጥ ነው፤ ጤና ጣቢያ አምጡ ብለውናል።»

«የቆለፈው ማን ነው?»

«ባለቤቴ። ለቅሶ ልትደርስ ተጂ ከተማ ሄዳለች።»

ጓጉንቸሩን አየሁት፤ ናሱን አወቅሁት። ስትመለስ አብራችሁ ኑ ልለው ነበር። አግዳሚው ላይ ግን የበራቸው ቁልፍ እስኪቀረጽላቸው የሚጠብቁ አንድ አዛውንት ነበሩ።

«ተዋት ልጄ» አሉት። «የአባቷ እጅ ቢሆን እስካሁን ተከፍቶ ነበር። እሷ የምታውቀው መጽሐፍ ነው። በሴጌቶ ቁረጠው።»

«እንደሱ ከሆነ አዲስ አበባ ልውሰደው» አለ ሰውየው፣ ሳጥኑን ወደ ራሱ እየሳበ።

«አባባ» አልኳቸው፣ «ሰዓት ይያዙልኝ።»

ሁለት ቀጫጭን ሽቦ አስገባሁ። አዛውንቱ እጅጌያቸውን ሰብስበው ሰዓታቸውን ሳያዩት ጠቅ አለ። ናሱ ላይ አንዲት ጭረት አልቀረችም።

«ጃባዱ፣ በርቺ» አሉ። «የአባቷ ልጅ ናት።»

ደስ አለኝ። ይህን መጻፍ ከሁሉም በላይ ይከብደኛል፤ ግን ደስ አለኝ።

ሰውየው ክዳኑን እዚያው ባንኮኒው ላይ አነሳው። የክትባት ካርድ አልነበረም። በፌስታል የተጠቀለሉ ደብተሮች ነበሩ፤ ከላያቸው ፎቶዋ ያለበት የተማሪ መታወቂያ። መታወቂያውን አገላብጦ አየው። ከዚያ አንዱን ደብተር ገልጦ ቀዩን እርማት በጣቱ ነካው።

«ይሄ የማን ጽሑፍ ነው?»

የአዛውንቱን የቁልፍ ዓይነት በዚያው ቀይ እስክሪብቶ የጻፍኩበት ወረቀት ከእጁ አጠገብ ተዘርግቶ ነበር። ክርኔን አሳረፍኩበት።

«እኔ ምን አውቃለሁ» አልኩ። «መምህር ይሆናል።»

አመስግኖኝ ሄደ።

በዚያ ቅዳሜ አጠገቤ ያለው ወንበር ባዶ ሆነ፤ በማግሥቱም እንዲሁ። መምህሩ ስሟን ሲጠራ ወደ እኔ ያያል፤ እኔ ደብተሬን አያለሁ። ሰኔ ሳያልቅ ሱቅ መጣች። ጓጉንቸሩን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው።

«ሰብሬ ከፈትኩት ነው የሚለኝ። እኔ ደግሞ ባየው ባየው የተሰበረ ነገር አጣሁበት።»

ጓጉንቸሩን አንስቼ አገላበጥኩት።

«ጭረት እንኳ የለውም። እንዲህ የሚከፍት ስንት ሰው አለ?»

ሱሉልታም ቡራዩም ባለሙያ ሞልቷል ልላት አሰብኩ። ቃሉ አፌ ውስጥ ተዘጋጅቶ ነበር።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«የእኔ መሆኑን አውቀሽ?»

«ጓጉንቸሩን አውቄዋለሁ። ጽሑፉ የማን እንደሆነም ጠይቆኝ ነበር። አላውቅም አልኩት።»

ሳቅ የሚመስል ነገር ፊቷ ላይ አለፈ። «ለአንድ አራት ነጥብ ስንቴ ነው የተቆጣሽኝ?»

«ደብተሮቹስ?»

«አንድዶ ውኃ አፈላባቸው። አሁን ቅዳሜና እሑድ ከቤት አልወጣም። ዛሬም ዘይት ልግዛ ብዬ ነው።»

የእኔን ደብተሮች ልስጥሽ አልኳት። የት አስቀምጣቸዋለሁ ብላ ጠየቀችኝ፤ ሽሙጥ አልነበረም፣ በእርግጥ መጠየቋ ነበር። ከመደርደሪያው ላይ ጓጉንቸሮች ተደርድረው ነበር፤ አንዱንም ላሳያት አልደፈርኩም።

«እጅሽን ዘርጊ» አለችኝ።

ዘረጋሁ። ከነጠላዋ ጫፍ ፈትታ ቁልፎቹን አንድ በአንድ መዳፌ ላይ አስቀመጠች። ስሸጥላት ያሰርኩባቸው ክር እንኳ እንዳለ ነው፤ አንዱም ጠፍቶ አያውቅም።

«አንድ» አለች። «ሁለት።»

«ሦስተኛ የለም» የሚለውን አልጨመረችም። ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ዘይት ሱቁ ተሻገረች።