አቤት ያለው ሟች

ዕፀገነት የምትሠራው አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ፣ የጠፋ ሻንጣ በሚፈለግበት ክፍል ነው። አሥራ ስድስት ዓመት ሆናት። ሻንጣው የቀረበት መንገደኛ ሁሉ ተቆጥቶ ነው የሚመጣው። እሷም ረጋ ብላ «ቀለሙ ምን ዓይነት ነው?» ትለዋለች። ጥቁር ነው፤ የሁሉም ጥቁር ነው። «ውስጡስ ምን ነበረ?» ስትለው ግን ድምፁ ይለወጣል። የእናቱ ነጠላ ነበረ፤ የልጁ መድኃኒት ነበረ። ዕፀገነት ከዚህ ሥራ የተማረችው ዕቃን በሽፋኑ አለመገመትን ነው።

ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል በላይ አልተማረችም። በምሳ ሰዓቷ ግን ደብተር ከፍታ ታሪክ ትጽፋለች፤ ሁሉም ገና ባልመጣ ዘመን የሚሆን ነው። አንዱ ታሪኳ ውስጥ ገርጂ ላይ ዝናብ የሚዘንበው በቀጠሮ ነው። ሌላው ውስጥ ሚኒባሱ ሾፌር የለውም፤ ረዳቱ ግን አሁንም «ጠጋ ጠጋ በሉ!» ይላል።

በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ጉርድ ሾላ ካለው የሀሩን ፎቶ ኮፒ ቤት ጀርባ የሚሰበሰብ የጸሐፊዎች ማኅበር አለ። ሰብሳቢው ጡረታ የወጡት የአማርኛ መምህር ጋሽ ኃይለኪሮስ ናቸው። ማኅበሩ ዘንድሮ የአባላቱን ታሪኮች በአንድ መጽሐፍ ሊያሳትም ተነሥቷል። ዘጠኙ ተመርጠዋል፤ የቀረው የአንድ ታሪክ ቦታ ነው። ዕፀገነት ለማንም አትናገር እንጂ፣ ያቺን ቦታ እንደምትፈልጋት በሕይወቷ የፈለገችው ነገር የለም።

ባለፈው ያነበበችውን ጋሽ ኃይለኪሮስ በአጭሩ ነበር የመለሱላት። «ልጄ፣ ማሽን ያለበት ታሪክ ለሕፃን ነው። ቁም ነገር ጻፊ።»

እሷም ቁም ነገር ጻፈች። አንዲት ሴት በመስኮት ዝናብ እያየች ሰባት ገጽ ሙሉ ትተክዛለች። ጽፋ ጨርሳ ስታነበው ራሷ አራተኛው ገጽ ላይ አንቀላፋች።

የዚያን ቅዳሜ ሁለት ታሪክ ይዛ ሄደች፤ የመስኮቷን ሴትና አንድ ሌላ። ተራዋ ደርሶ ስትጠራ እጇ ሌላውን ይዞ ወጣ።

«የሳይንስ ልብ ወለድ ነው» አለች፣ ቀና ሳትል።

«አሁንም?» አሉ ጋሽ ኃይለኪሮስ። «ሳይንስ ከሆነ ልብ ምን አግብቶት ይወልደዋል?»

ሰው ሳቀ። ቦሌ አንድ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ የሆነችው ሀጀር ብቻ «ኧረ ጋሼ ሙድ አይያዙባት፣ ታንብብ!» አለች።

ዕፀገነት አነበበች። ዘመኑ ከዛሬ አርባ ዓመት በኋላ ነው። አቶ ረታ የሚባሉ ሰው ሞተው ተቀብረዋል። ነገር ግን ድምፃቸውንና ሐሳባቸውን የያዘ ማሽን ቤታቸው ውስጥ አለ፤ ጠዋት ጎረቤት ሰላም ይላል፣ ማታ ሚስታቸውን ወይዘሮ ወርቅዬን «በሩን ቆለፍሽ?» ይላል። ወይዘሮ ወርቅዬ ዕድርተኛው ድንኳን ተክሎ እንዲያስለቅሳቸው ጠየቁ። ዕድሩ ተሰበሰበና ጸሐፊው እንደ ደንቡ የአባላቱን ስም ጠራ። «አቶ ረታ!» «አቤት!» አለ ድምፁ፣ ወይዘሮ ወርቅዬ ይዘውት ከመጡት ስልክ ውስጥ። ጸሐፊው ብዕሩን አስቀመጠ። አቤት ላለ ሰው እንዴት ተብሎ ድንኳን ይተከላል?

ታሪኩ እዚያ ላይ አለቀ።

በማኅበሩ ልማድ፣ ተነቦ ሲያበቃ መጀመሪያ የሚነሣው ቋንቋው ነው። ያን ቀን ግን ስለ ቋንቋው ያነሣ አልነበረም።

«አይተከልም» አለ ሀሩን። «አቤት ብሏል፣ በቃ።»

«ስልክህም እኮ አቤት ይልሃል! ሰው ነው እንዴ?» አለች ሀጀር።

«ስልኬ ሚስቴን አያውቃትም።»

«ያውቃታል እንጂ፤ ምን ብለህ እንደመዘገብካት እንጃ!»

ሳቁ ሳያባራ ጋሽ ኃይለኪሮስ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱት። በሰፈራቸው የዕድር ዳኛ ከሆኑ አሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው።

«ሥነ ሥርዓት! ድንኳን ለሟች ተተክሎ ያውቃል? ሟች ምን ሊሠራበት? ድንኳን ለቀሪ ነው! ሴትዮዋ ካላለቀሰች ዕድሩ የምኑ ዕድር ነው? ይተከላል! ድምፁም ከፈለገ መጥቶ ከለቀስተኛው ጋር ይቀመጥ። ጸሐፊ፣ መዝግብ!»

የሚመዘግብ ጸሐፊ አልነበረም። ሰዉ ሁሉ እሳቸውን ያያል። ሀሩን አፉን በእጁ ይዟል። ጋሽ ኃይለኪሮስ መነጽራቸውን አወለቁና ጠረጉት፤ መልሰው አደረጉትና እንደገና አወለቁት።

«መልካም» አሉ በመጨረሻ። «መጽሐፉ ውስጥ ይገባል። ግን ‹የሳይንስ› የምትለዋን ቃል አውጫት። ልብ ወለድ በይውና ይበቃል። ሰው ከቁም ነገር ይቆጥርልሻል።»

ዕፀገነት ለእሳቸው ከ«እሺ ጋሼ» ሌላ መልስ ሰጥታ አታውቅም። አሁንም ቃሉ አፏ ላይ ደርሶ ነበር።

«አይ ጋሼ» አለች። ድምፅዋ ቀጭን ነበር። «ማሽኑ ባይኖር አቶ ረታ አቤት አይሉም። እሳቸው አቤት ባይሉ ደግሞ እርስዎ ጠረጴዛ አይመቱም ነበር። ታሪኩ እሱ ነው። ቃሉ ከወጣ እኔም አብሬ እወጣለሁ።»

ጋሽ ኃይለኪሮስ ወረቀቱን ከዕፀገነት እጅ ተቀብለው የመጀመሪያውን ገጽ እንደገና አነበቡ፤ ቀስ ብለው፣ ጣታቸውን ከመስመር መስመር እያስኬዱ። ከዚያ ተነሥተው ወረቀቱን ለሀሩን ሰጡት።

«እንዳለ ተይበው።»

ሀሩን ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ። «የ»ን ብቻ ጽፎ ዞር አለ።

«ጋሼ፣ ሳይንስ በንጉሡ ነው በእሳቱ?»

«በእሳቱ» አሉ ጋሽ ኃይለኪሮስ፣ ከኋላው ቆመው። «ደመቅ አድርገህ ጻፋት።»